ከመሐላው በፊት

ልጄ፣ የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ግሪን ካርድ ከያዝክ አምስት ዓመት ሊሞላህ ስለሆነ ለዜግነት ላመልክት ወይስ ልተው ብለህ ጠይቀኸኛል። ከሥሩም «ጋሼ፣ ብምል አገሬን መካድ ይሆንብኛል እንዴ?» የምትል ጥያቄ ጨምረሃል። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና እንደ ልማዴ ተረት ጣል እያደረግሁ እመልስልሃለሁ።

መጀመሪያ ጥያቄህን ለሁለት ልክፈለው። አገር መውደድ የልብ ጉዳይ ነው፤ እሱን የሚመረምር ችሎት የለም። ዜግነት ግን የሕግ ጉዳይ ነው፤ የሚረጋገጠውም በሰነድ ነው። በጥብቅና ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ አገሩን ከማንም አብልጦ የሚወድ ሰው በሰነድ ጉድለት ተረትቶ ከችሎት ሲወጣ አይቻለሁ። ስለ ልብህ እናትህን አማክር፤ ስለ ሕጉ ግን የእኔን ስማ።

ምክሬ ሲጠቀለል ይህችው ናት፦ ፈቃድን እንደ መብት አትቁጠር፤ መብትህንም እንደ ፈቃድ አትለምን። እንግዳና ባለቤት በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠው እኩል ሊጎርሱ ይችላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ሲመሽ ነው፤ እንግዳው ማደሪያ ይጠይቃል፣ ባለቤቱ አይጠይቅም። የአገር ሕግም እንዲሁ ነው። ዜጋ በመብቱ ይኖራል፤ የውጭ ዜጋ የቱንም ያህል ቢከበር በፈቃድ ይኖራል። የትም አገር ስትቆም የቆምክበት የትኛው እንደሆነ እወቅ፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ ይመዘዛል።

የእኛን ሕግ አስቀድመን እንይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 389 የውጭ ዜጋን በፍትሐ ብሔር መብቶች ከኢትዮጵያዊ ጋር ያስተካክለዋል። ይዋዋላል፣ ያገባል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። በአገር አስተዳደር መካፈል ላይ ሲደርስ ግን ሕጉ ያስቆመዋል። ቀጥሎ አንቀጽ 390 ይመጣና የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ሲከለክል ኖሯል። በቅን ልቦና ይዞ የተገኘ እንኳ ቢሆን በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዝ ነበር። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መብቶችን ለይቶ ነው ያስቀመጠው። በሕይወት መኖር፣ ከስቃይ መጠበቅ፣ ፍትሕ መጠየቅ የማንኛውም ሰው ነው። መምረጥና መመረጥ፣ ባሻው ሥራ መሰማራት፣ ከሄደበት ወደ አገሩ መመለስ ግን የኢትዮጵያዊ ነው።

ይህ ጥብቅነት ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይምሰልህ። እ.ኤ.አ. በ1908 በአፄ ምኒልክ ዘመን ከፈረንሳይ ጋር የክሎቡኮቭስኪ ውል ተፈረመ። በዚያ ውል መሠረት ፈረንሳዮች እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ በቆንስላቸው ዘንድ ይዳኙ ነበር፤ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲሟገቱም ቆንስሉ ከኢትዮጵያዊው ዳኛ ጎን ይሰየም ነበር። ሌሎች መንግሥታትም ለዜጎቻቸው ያንኑ ጠየቁ። በእኛ አገር በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ይባላል፤ የውጭው ሰው ግን በገዛ መሬታችን በሌላ ሕግ ይሄድ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ከዚያ ወዲህ የወጡ ሕጎቻችን በዜጋና በውጭ ዜጋ መካከል መስመር ሲያሰምሩ እጃቸው ጠንከር ይላል።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ እንምጣ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ የወጣው በ1922 ዓ.ም. ሲሆን ዛሬ የምንመራው እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። የአዋጁ አንቀጽ 20 በግልጽ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ማስጠንቀቂያ አይላክልህም፤ ችሎት ቆመህ ውሳኔ አይነበብብህም። ቀኝ እጅህን አንሥተህ በማልክባት ዕለት ያልቃል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በአሜሪካ ላይ ይለጥፋል፤ ሆኖም አሜሪካ ሌላ ዜግነት ደርበህ እንዳትይዝ አትከለክልም። የምትከለክለው የእኛዋ ናት። ሕገ መንግሥቱ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል፤ ዜግነቱን የመለወጥ መብት አለውም ይላል። ስለዚህ በሕጉ ዓይን የምታደርገው ክህደት ተብሎ አይጠራም፤ የተፈቀደልህን ለውጥ ማድረግ ነው። የሚያስቀጣህ ለውጡን ደብቀህ በሁለቱም ስትጠቀም ነው። አሮጌውን ፓስፖርት በኪስ፣ አዲሱን በቦርሳ ይዞ እንደ አየሩ ሁኔታ የሚቀያይር ሰው ሞልቷል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

ታዲያ ግሪን ካርዱን ይዘህ ብትቀመጥስ? ይቻላል። ነገር ግን ግሪን ካርድ ስሙ ቋሚ መኖሪያ ቢሆንም ፈቃድ ነው፤ ፈቃድም ይነሣል። እናትህን ለመጠየቅ መጥተህ ከስድስት ወር በላይ ብትቆይ የአምስት ዓመቱ ቆጠራ ጥያቄ ይነሣበታል። ዓመት ልትቆይ ከሆነ ከመነሣትህ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት አለብህ። ቤት ስትቀይር በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቅ። በጸብም ይሁን በመንዳት ፍርድ ቤት ከቀረብክ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ከመፈረምህ በፊት ዜጋ አለመሆንህን ለጠበቃህ ንገረው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ጠበቃ የውጭ ዜጋ የሆነ ደንበኛውን ክሱ ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወስኗል፤ ጠበቃው ግን የማያውቀውን ሊነግርህ አይችልም። ከሁሉ በላይ የመራጭነት ቅጽ አትሙላ። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ጸሐፊዋ የሰጠቻቸውን ወረቀት ሳያነቡ ፈርመው ዜጋ ነኝ ያሉ ሰዎች፣ ኋላ ዜግነት ሲጠይቁ ያ ፊርማ ተመዞ ወጥቶባቸዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ዜጋ ስትሆን ይህ ሁሉ ስጋት ይነሣልሃል። ትመርጣለህ፤ ለዳኝነት ሸንጎ ስትጠራም ትቀመጣለህ። ዛሬ ግሪን ካርድ ይዘህ የማትችለውን እናትህን የማስመጣት ጥያቄም ማቅረብ ትችላለህ፤ ወላጅን ለማስመጣት የሚያመለክት 21 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነውና። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳልልህ፣ ከመሐላው በፊት የሚጠናቀቁትን ጉዳዮች በተራ ልንገርህ።

የመጀመሪያው ንብረት ነው። እዚህ በስምህ ያለውን ሁሉ ጻፍ፤ ቤትም ቢሆን፣ የባንክ አክሲዮንም ቢሆን፣ ከአባትህ የደረሰህ ድርሻም ቢሆን። የቱ በውጭ ዜጋ ስም ሊቀጥል እንደሚችል፣ የቱ እንደማይችል ፈቃድ ያለው ጠበቃ ይንገርህ። በውጭ ዜጎች የቤት ባለቤትነት ላይ ሕጉ በዚህ ዘመን እየተሻሻለ ነውና የድሮ ወሬ ይዘህ አትወስን። በምንም ምክንያት ግን ንብረትህን በዘመድ ስም አታዙር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 መሠረት የባለቤትነት ማስረጃ የተሰጠው ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ካርታው በወንድምህ ስም ከወጣ ቤቱ የወንድምህ ነው። ወንድምህ ደግ ሊሆን ይችላል፤ ሲሞት ግን የሚመጡት ወራሾቹ ናቸው። ሲፋታ ሚስቱ ድርሻዬን ትላለች፤ ሲበደር አበዳሪው ያሳግደዋል። በቃል የተባባላችሁትን ዳኛ አይሰማውም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚገባው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚለው ተረት በውርስ መዝገቦች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተፈጸመ ባሳየሁህ።

ሁለተኛው ማስረጃህ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል። የልደት ካርድህን፣ የቀበሌ መታወቂያህን ቅጂ፣ የቆየውን ፓስፖርትህን አትጣል። ከመሐላው በኋላ ፓስፖርቱ መግቢያና መውጫ መሆኑ ያበቃል፤ ኢትዮጵያዊ እንደነበርክ ማስረዳቱ ግን አያበቃም። ለቢጫ ካርድ ስታመለክት ማን ነህ ስትባል የምታወጣው እሱን ነው።

ሦስተኛው ይኸው ቢጫ ካርድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ያገኛል። ኤርትራዊ ዜግነት የወሰዱትን አዋጁ ለይቶ አውጥቷቸዋል። መታወቂያውን ስትይዝ ያለ ቪዛ ትገባለህ። የመኖሪያ ፈቃድና የሥራ ፈቃድ አትጠየቅም። እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ትችላለህ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቤት ክልከላም አይነካህም። የተነፈግኸው በየትኛውም ደረጃ መምረጥና መመረጥ ነው፤ በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል ተቋማት በመደበኛነት መቀጠርም አይፈቀድልህም። ስለዚህ ከማልክ በኋላ መታወቂያውን ለማውጣት አታዘግይ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ቤት ሊሸጥ ወይም ውርስ ሊከፈል ሲል ካርድ ፍለጋ የሚሯሯጥ ሰው ጉዳዩ ይበላሽበታል።

እዚህ ላይ ግን ያልኩህን አትርሳ። ቢጫ ካርድ ሰፊ ፈቃድ ነው፤ መብት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ በባንክና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ውስጥ አክሲዮን የነበራቸውን ትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች ከባለድርሻነት እንዲወጡ አደረገ። በርካቶቹ ባንኮቹ ሲቋቋሙ የገዙ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ በሩ እንደገና ተከፈተላቸው። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ነገር ግን የተከፈተው ተዘግቶ የነበረ በር ነው። ሕግ የሰጠውን ሕግ ይወስደዋል፤ ዜጋ ይህ ሲደርስበት በድምፁ ይከራከራል፣ አንተ ግን ድምፅ አይኖርህም። ገንዘብህን ስታፈስስ ይህን አስልተህ አፍስስ።

አራተኛው የልጅህ ጉዳይ ነው። እዚያ ስለተወለደች በአሜሪካ ሕግ አሜሪካዊት ናት። ስትወለድ አንተ ኢትዮጵያዊ ነበርክና በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 6 ኢትዮጵያዊትም ናት። የዜግነት አዋጁ ግን ለዘላለም አይጠብቃትም። አካለ መጠን ካደረሰች በኋላ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የውጭ ዜግነቷን ትታ ኢትዮጵያዊነቷን እንደምትመርጥ ካላሳወቀች በፈቃዷ እንደተወችው ይቆጠራል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚህ ሕግ ፊት ግን ዝምታም ይነቅዛል። የአባት ዕዳ ለልጅ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ እንዲሉ፣ አንተ ያላስረዳሃትን ማንም አያስረዳትም። ምርጫው የእሷ ነው፤ ምርጫ እንዳላት የማሳወቁ ሥራ የአንተ ነው።

አምስተኛው እውነት ነው። የዜግነቱ ማመልከቻ አሜሪካ ከገባህ ጀምሮ የተናገርከውን ሁሉ መልሶ ይጠይቅሃል። የጋብቻ ታሪክህ፣ የታክስ ወረቀትህ፣ ከአገር የወጣህበት ቀን፣ ከፖሊስ ጋር የተገናኘህበት ጊዜ ሁሉ ይነሣል። የረሳኸው ወይም የተሳሳትከው ነገር ካለ ከማመልከትህ በፊት ለሕግ ባለሙያ ንገረው። በመደበቅ የተገኘ ዜግነት ከዓመታት በኋላም በፍርድ ቤት ሊነጠቅ ይችላል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይህ ነው።

አንድ ቀን ጠቅልዬ እገባለሁ ብለህ ብታስብ ደግሞ አዋጅ 378 በሩን አልቆለፈብህም። መኖሪያህን ወደ ኢትዮጵያ ከመለስክ፣ የውጭ ዜግነትህን ከተውክና ካመለከትክ ኢትዮጵያዊነትህ ሊመለስልህ ይችላል። ስለዚህ መሐላው ገደል መዝለል አይደለም። ሆኖም መመለሱም የራሱ ዋጋ አለው፤ የዚያን ጊዜ የምትተወው የአሜሪካውን ይሆናል።

ሪያድ ላለችው እህትህም ይህን አንብብላት። የእሷ ነገር ከአንተ ይለያል። አንተ የቆምክበት አገር ዓመት ቆጥሮ ከእንግድነት ወደ ባለቤትነት የሚያሻግር መንገድ አለው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ዕድሜ ልክ ብትሠራም ከኢቃማ፣ ማለትም ከመኖሪያ ፈቃድ፣ አልፎ ዜግነት ላይ መድረስ ከስንት አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም አልያዙም ነበር። ስለዚህ ፓስፖርቷ በራሷ እጅ፣ የኢቃማዋና የኮንትራቷ ቅጂ በስልኳም በእናቷም ዘንድ ይሁን። ደመወዟን እዚያ አታከማች፤ በራሷ ስም በተከፈተ ሂሳብ ወደ አገር ቤት ትላክ። ከአሠሪዋ ጠፍታ ለመሥራት ከማሰቧ በፊትም ወረቀት አልባ መሆን የሚያስከፍላትን ታስላ። እንደ አገሩ ይኖሩ እንደ ወንዙ ይሻገሩ። ለእሷ የሚጠቅማት አንድ ነገር ግን በእጇ አለ፤ ኢትዮጵያዊት ናትና ወደ አገሯ መመለስ መብቷ ነው። ያንን ከማንም መለመን የለባትም።

እንግድነትን አንተ ቀምሰኸዋል፤ እኛ አገር ያለውን እንግዳም በዚሁ ሚዛን ተመልከተው። ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኞች ታስጠልላለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የመሥራት፣ የመማርና የመንቀሳቀስ መብት በሕግ አስቀምጦላቸዋል። ዜጋ መሆን የሚፈልግ የውጭ ሰውም መንገድ አለው፤ የዜግነት አዋጁ ቢያንስ አራት ዓመት በኢትዮጵያ መኖርን፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባትን፣ በቂና ሕጋዊ ገቢንና መልካም ጠባይን ይጠይቃል። ከኢትዮጵያዊ ጋር ለተጋባ ደግሞ ቅድመ ሁኔታው ይቀልለታል። እንግዳ አገር ሊጠቅምም ይችላል፤ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው ከአርባዎቹ የአርመን ልጆች ጋር የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። ስለዚህ ለዕረፍት ስትመጣ አከራይ ሆነህ ስደተኛውን ሁለት እጥፍ ኪራይ ብትጠይቅ፣ ወይም ወረቀቱ ጎደለ ብለህ ደመወዙን ብትይዝበት፣ በምትኖርበት በቨርጂኒያ ማንም ቢያደርግብህ የምትጮህበትን ነገር እያደረግህ ነው።

አሁን ፍርዴን ልስጥ። ኑሮህ፣ ሥራህና የልጅህ ትምህርት እዚያ ከሆነ፣ እናትህንም ልታስመጣ ካሰብክ፣ አመልክት። ግማሽ ልብ ሆነህ ግን አትማል። ከማልክ እንደ ዜጋ ኑር፤ ምረጥ፣ ለዳኝነት ስትጠራ ሂድ፣ መብትህን አጎንብሰህ አትለምን። እዚህ ስትመጣ ደግሞ ቢጫ ካርድህን ይዘህ እንደሚገባው ግባ። በጥቂት ዓመት ጠቅልለህ ልትገባ፣ አገርህ ላይ ልትመርጥና ልትመረጥ ቆርጠህ ከሆነ ግን መሐላውን ተወው፤ ግሪን ካርዱን በሕጉ ጠብቀህ ተጠቀምበት፣ ቢቀርብህም አትዘን። ሁለቱም መንገድ የተከበረ ሰው መንገድ ነው። ውርደት ያለበት በሦስተኛው ነው፤ ለአንዱ አገር እየማሉ ለሌላው እየዋሹ መኖር። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ አንተን መከራ እንዳይመክርህ ነው ይህን ሁሉ መጻፌ።

የፈረምከው ይጽናልህ። በገባህበት አገር ሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ። እናትህን በጤና ያገናኝህ፤ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። እህትህንም በሰላም ይመልስልን። አሜን በል።